የጣሳው ቆጠራ

የጣሳው ሐሳብ የኔ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ላገኘሁት ሰው ሁሉ እያወራሁ ስኮራበት ከርሜአለሁ።

ሰቆጣ በነርስነት ከተመደብኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የጎጃም ልጅ ነኝ። ስመጣ አንድ ዓመት ብቻ ሠርቼ ዝውውር ልጠይቅ ነበር ሐሳቤ፤ ዝውውሩ ሲዘገይ፣ እኔም ስናደድ፣ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሳላስበው ቤት ተከራይቼ፣ ዶሮ ገዝቼ፣ ከአከራዬ ጋር መኳረፍና መታረቅ ጀምሬ የአገሩ ሰው ሆንኩ። ንዴት ይቀርበኛል። አፌም ከጆሮዬ ይፈጥናል። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ተረቱን ድሮም አውቀዋለሁ፣ መልቀሙን ግን የተማርኩት እዚህ ዋግ ኽምራ ነው።

በዚያ ዓመት አንድ ዩኒቨርሲቲ በሚጥል በሽታ ላይ ጥናት ጀመረና ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ አንዷ ሆንኩ። ሥራው በገጠር ቀበሌዎች ያሉ ታማሚዎችን ለአንድ ዓመት መከታተል ነበር። መጀመሪያ ሕመሙ ከምን እንደመጣ እንጠይቃለን፤ እናቲቱ ስንት ቀን አማጠች፣ ሕፃኑ ሲወለድ ወዲያው አልቅሷል ወይ፣ በልጅነቱ ማጅራት ገትር ይዞት ያውቃል ወይ፣ ከገደል ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቷል ወይ፣ ከዘመድ የሚጥለው ሰው አለ ወይ። ከዚያ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል የሚባለው ነጭ ትንሽ ክኒን ምን ያህል እንደሚያግዛቸው በየወሩ እየሄድን እንመዘግባለን። ለዚህ ደግሞ በወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጣላቸው ማወቅ ግድ ነው። ከላይ የተላከልን ቅጽ «ቤተሰቡ ቀኑንና ሰዓቱን በማስታወሻ ደብተር ይጽፋል» ይላል። ደብተሩም ከነእስክሪብቶው ተልኮልናል። የምንሄድባቸው ቤቶች ውስጥ ግን አብዛኛው ሰው ማንበብና መጻፍ አይችልም።

እንግዲህ በስብሰባው መሐል እጄን አውጥቼ ስለ ጣሳ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ለየቤቱ አንድ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ እንስጥ፤ ታማሚው በወደቀ ቁጥር አንድ ጠጠር ይጨምሩበት፤ እኛ በወሩ መጨረሻ ቆጥረን እንድፋው አልኩ። የጥናቱ ኃላፊ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ጨዋ ፕሮፌሰር፣ መነጽራቸውን አውልቀው «ከሕዝብ መማር ማለት ይሄ ነው» አሉ። ሕዝቡ ገና ወሬውንም አልሰማም ነበር፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ከሄድኩባቸው ቤቶች ሁሉ ልቤ የቀረው ሰቆጣ ዙሪያ ካለ አንድ ቤት ነው። ጥርጊያው መንገድ ካለቀበት ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል፤ ወንዝ መሻገር፣ ዳገት መውጣት አለው። በቤቱ የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ወደ ስልሳ የተጠጉ አባትና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጃቸው። እናትየው ልጅቷን ሦስት ቀን አምጠው ነበር የወለዷት፤ ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት ብዙ ቆይታ ነው ያለቀሰችው፣ እናትየውም ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ታላቅ ወንድሟ ወደ ዐረብ አገር ከወጣ ቆይቷል፤ ኔትወርክ ሲኖር ይደውላል።

መጣል የጀመራት በስድስት ዓመቷ ነው። ጸበል ተወሰደች፣ በኋላም መድኃኒት ጀመረችና ተሻላት፤ ሰው ረስቶት ነበር። ከዚያ መንገድ ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ መጣ። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ጠፋ፣ ከሰቆጣም ጠፋ። ይህ መድኃኒት ደግሞ በአንድ ቀን ሲቋረጥ ሕመሙን ከበፊቱ ብሶ የሚያመጣ ነው። አባቷ እርሻ ላይ እያሉ ወጥ ልትሠራ እሳት አያይዛ ሳለ ጣላት፤ ቀኝ እጇ ምድጃው ውስጥ ገባ። ጎረቤቶች ደርሰው ነበር፣ ግን አረፋው ይጋባል ብለው ስለሚፈሩ ደፍሮ የነካት የለም፤ ክብሪት ጭረው ወደ አፍንጫዋ ሲያስጠጉ አባቷ ከእርሻ ሮጠው ደርሰው አወጧት። ሁለት ጣቶቿ እስከዛሬ አይዘረጉም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቷ እሳት ከለከሏት። ምግቡን ራሳቸው ይሠሩ ጀመር። በዚያ አገር ወንድ ምጣድ አይጥድም፤ እሳቸው ግን ጠዋት ቂጣ ጋግረው፣ ማታ ሽሮ ሠርተው ነው የሚያድሩት። በደቦውም በገበያውም ብዙ ተሹፎባቸዋል። አንዴ እኔ ፊት አንድ ጎረቤት ስለ ቂጣቸው ሲቀልድባቸው «ሆድ ማን ጋገረልኝ ብሎ አይጠይቅም» አሉና ዝም አሰኙት። ቂጣው ግን እውነት ለመናገር ክፉ ነበር፤ መሐሉ ጥሬ፣ ዳሩ ከሰል። እኔም በየወሩ በልቼዋለሁ።

ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ጣሳውንና እንደገና የተገኘውን ክኒን ሰጥቼ፣ ሲጥላት ክብሪት እንዳይጭሩ፣ ማንኪያም አፏ ውስጥ እንዳይከቱ፣ በጎኗ ብቻ አስተኝተው እንዲጠብቋት አስተምሬ ስጨርስ ልጅቷ ጠየቀችኝ።

«ሲስተር፣ እሳት የምነካው መቼ ነው?»

«እሳት ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«እኩዮቼ ሁሉ ሄዱ» አለች። «አዲስ አበባ የገባች አለች፣ ባሕር የተሻገረች አለች፣ ያገባች አለች። እኔ የትም አልሄድኩም። እዚሁ ቤቴ ግን እንደ እንግዳ ቁጭ ብዬ ነው የምበላው። አባቴ ከእርሻ ደክመው መጥተው ያበስሉልኛል። አንድ ቀን ሠርቼ ባበላቸው ሌላ አልፈልግም።»

አፌ ፈጠነ። «ጣሳው ሦስት ወር በተከታታይ ባዶ ከሆነ እሳት ታነጃለሽ» አልኳት፣ አባቷ እየሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጣሳ ለሷ የሕመም መቁጠሪያ ብቻ አልነበረም።

በየካቲት ስመለስ አራት ጠጠር አገኘሁ። በመጋቢትም አራት። በሚያዝያ፣ ፋሲካ በዋለበት፣ ሦስት ሆነ። ቅጹ ሕመሙ ካልቀነሰ ሐኪም አማክረሽ መጠኑን ጨምሪ ይላል፤ ሆስፒታል ላለው ሐኪም ደውዬ ማታ ማታ የምትወስደውን አንድ ክኒን አንድ ተኩል አደረግነው። በግንቦት ዘጠኝ ጠጠር ሆነ። ሁለት ክኒን አደረግነው። በሰኔ ጣሳውን ስገለብጠው አሥራ አምስት ጠጠር መሬቱ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ጠጠሮቹን አየቻቸው፣ ቀና ብላም አባቷን አየቻቸው። አባቷ ወደ ደጅ ወጡ። እኔ አንገቴን ቅጹ ላይ ደፍቼ እጽፍ ነበር።

እሷ ደግሞ በየወሩ እየደነዘዘች ሄደች። መጀመሪያ ላይ ስትናገር አረፍተ ነገሩን መሐል ላይ ትረሳው ጀመር። ከዚያ ቀን ቀን መተኛት። በሰኔ አብረን ስንበላ ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ አይኗ ተከደነ። መድኃኒቱ ሲበዛ እንዲህ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ቅጹ ላይ «ድብታ» በሚለው ፊት ምልክት አደረግኩ። ከምትቃጠል ትተኛ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝና «ሲስተር፣ እሳቱስ?» አለችኝ፣ ቃሉ ከአፏ ሊወጣ እየጎተታት። «ጣሳሽ ሲጎድል» አልኳት፤ እንዲያውም በቁጣ ሳይሆን አይቀርም። ሥራዬን ያበላሸችብኝ ይመስል።

ይባስ ብሎ ንድፈ ሐሳብ አወጣሁ። ጠጠሩ በበጋ ጥቂት፣ እርሻ ሲጀመር ብዙ፣ ዘር ሲዘራ እጅግ ብዙ ነው። ታዲያ ወቅቱ የምግብ እጥረት ያለበት አይደል? ጎተራ የሚራቆትበት፣ ሰው በቅጡ የማይተኛበት አይደል? ረሃብና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመሙን እንደሚቀሰቅሱ ተምረናል። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ ለፕሮፌሰሩ ላክሁ። «ግሩም ምልከታ ነው፤ ተከታተይው» ብለው መለሱልኝ። መልእክታቸውን ለአከራዬ ሳይቀር አነበብኩላቸው።

እዚያ ቤት ሁልጊዜ የምሄደው በወሩ በማርያም ቀን ነበር። በሥራ ቀን ገበሬ ቤቱ አይገኝም፤ በማርያም ግን አይታረስም። በሐምሌ ግን ማርያምን መጠበቅ አልቻልኩም፤ የሰኔው አሥራ አምስት ጠጠር እንቅልፍ ነስቶኝ መጠኑን ለሦስተኛ ጊዜ ለመጨመር ቀደም ብዬ ሄድኩ። ወንዙ ሞልቶ ጤና ኬላው ውስጥ አደርኩና በማግስቱ ጠዋት፣ የሥራ ቀን፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው ቁልቋል ጋ ደረስኩ።

አባቷ ሞፈርና ቀንበራቸውን ተሸክመው ከደጃፉ ቆመዋል፤ በሬዎቹ ቀድመው ወጥተዋል። ልጅቷ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጭንቅላቷን መቃኑ ላይ አስደግፋ ቆማለች። አባቷ ከኪሳቸው አንድ ጠጠር አወጡ። በልጅቷ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ አዞሩት፣ ለታመመ ሰው ዶሮ እንደሚዞርለት ማለት ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጣሳው ውስጥ ጣሉትና ምንም እንዳልተፈጠረ በሬዎቻቸውን ተከትለው ወደ እርሻቸው ሄዱ።

ደሜ ፈላ። ወደ ልጅቷ በሩጫ ሄድኩ።

«ዛሬ ጥሎሻል?»

«ኧረ አልጣለኝም» አለች ደንግጣ።

«ትናንትስ? መቼ ነው የጣለሽ?»

ስታስብ ጊዜ ወሰደባት። መድኃኒቱ ነው። «በየካቲት ሁለቴ። በመጋቢት አንዴ። ከፋሲካ ወዲህ የለም።»

«እንዴት አወቅሽ? የሚጥለው ሰው መውደቁን አያውቅም!» ጮህኩባት። እውነቴን ነው፤ ለዚህም ነው ቅጻችን ሁልጊዜ የአይን ምስክር የሚጠይቀው። ታማሚው ያን ጊዜ የለም፤ ሲነቃ ሰዎች ከበውት ያያል እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ልጅቷ አፏን ከፈተችና ምላሷን አውጥታ አሳየችኝ። ዳሩ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፤ የድሮ ንክሻ ነው። አዲስ ግን የለም። «ሲጥለኝ ምላሴን እነክሳለሁ» አለች። «ሁልጊዜ። ቀሚሴም ይረጥባል። ጡንቻዬን ስንዴ ስወቃ የዋልኩ ያህል ያመኛል። ተኝቼ ቢጥለኝ እንኳ ጠዋት ምላሴ ይነግረኛል። ከፋሲካ ወዲህ ምላሴ ደኅና ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ በደከመ አይኗ ውስጥ ቁጣ አየሁ፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አባቴን እኔ ላጋልጣቸው? ደግሞስ ጠይቀውኝ ያውቃሉ? እርስዎ የሚጠይቁት ጣሳውን ነው» አለችኝ።

እውነት ነበር። አምስት ወር ሙሉ እዚያ ቤት ገብቼ ጠጠር ቆጥሬ፣ ለአባቷ ክኒን ሰጥቼ፣ ክፉ ቂጣ በልቼ ወጥቻለሁ። እሷን አንድም ቀን «ምን ይሰማሻል?» ብዬ አልጠየቅኳትም። የታመመችው እሷ መሆኗን ያወቅሁ አልመሰልኩም።

ንዴቴን ግን የሆነ ቦታ ማራገፍ ነበረብኝና ወደ አባቷ ወረድኩ። እርሻው ከቤቱ ሥር ነው። «አባቴ! ለምን ይዋሹኛል?» አልኳቸው ገና ከሩቅ። በሬዎቹን አቆሙ። እንዲያ ያለ ቃል ለአባት እንደማይነገር አውቃለሁ፤ በኋላ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

«ምኑን ዋሸሁ፣ ልጀ?»

«ሳይጥላት ጠጠር ይጥላሉ! አይቻለሁ!»

አልካዱም። ጅራፋቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ቤታቸው ውስጥ የሚነጋገሩት በኽምጣና ነው፤ ቃል ሲመርጡ ቀስ ይላሉ።

«ስትወድቅ ጣል አልሽኝ። ገብቶኛል» አሉ። «እኔ አሰብኩት። ከወደቀች ወዲያ ጠጠር ምን ይረባታል? ወድቃለች። አስቀድሜ ብጥል አይሻልም ወይ? እሷን ብቻዋን ትቼ እርሻ ስወጣ፣ ገበያ ስሄድ፣ አንድ ጠጠር በራሷ ላይ አዞራለሁ። ይህ በሷ ፈንታ ይውደቅ እላለሁ። ከቤት ስውል አልጥልም፣ አለሁላታ።»

ቆሜ ሰማኋቸው። በበጋ አራቱ ጠጠር አራቱ የገበያ ቀን ነበር። በግንቦት ዘጠኙ እርሻ ነው። በሰኔ አሥራ አምስቱ ዘር ነው። ያ ፕሮፌሰሩ ግሩም ያሉት ንድፈ ሐሳቤ ረሃብም እንቅልፍ ማጣትም አልነበረም፤ አንድ አባት ከቤታቸው የወጡበትን ቀን ነበር በጥንቃቄ ስቆጥር የከረምኩት።

«እና ምን ተገኘ?» አሉኝ ፈገግ ብለው፣ ሊታረቁኝ። «ከፋሲካ ወዲህ ወድቃ አታውቅም። ሠርቷል አይደለም ወይ? ዲያ ለምን ልተው?»

«መድኃኒቱ ነው የሠራው!» አልኩ።

«ሊሆን ይችላል» አሉ በትሕትና። «መድኃኒቱ ግን አንዴ ጠፍቶ ነበር፣ ልጀ። ጠጠር አይጠፋም።»

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን መናገር ነበረብኝ። አጠገባቸው ሄጄ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በየወሩ የቆጠርኩት ጠጠር ምን እንዳደረገ ነገርኳቸው። ጠጠሩ ሲበዛ መጣሉ የባሰባት መስሎኝ መድኃኒቱን እንደጨመርኩ፣ እንደገናም እንደጨመርኩ፣ አሁን የሚያፈዛት ሕመሙ ሳይሆን የመድኃኒቱ ብዛት መሆኑን። ቆጠራውን ለምን እንደምፈልገው አስቀድሜ አልነገርኳቸውም ነበር። ቸኩዬ ጽፌ፣ ቸኩዬ ክኒን ቆጥሬ ነው የምወጣው።

ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ቤቱን አዩት። ልጅቷ አሁንም መቃኑን ተደግፋ ቆማለች፤ ከዚያ ርቀት እንኳ ጭንቅላቷ ሲያዘነብል ይታያል።

«እኔ ነኝ ዲያ ያደነዘዝኳት?» አሉ።

«አይደሉም። እኔ ነኝ» አልኳቸው።

የታረሰው አፈር ላይ ቁጭ አሉ። ሁለታችንም አለቀስን፤ እኔ ድምፅ አውጥቼ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው። በሬዎቹ እንደተጠመዱ ይጠብቁናል። ከጋቢያቸው ሥር ሆነው «እንግዲህ እኔ ምን ላድርግላት?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ በትምህርት ቤት ማንም አላስተማረኝም። ለታማሚ የሚሆነውን አውቃለሁ፤ ለሚፈራ አባት የሚሆነውን አላውቅም። ቢሆንም ትዝ ያለኝን ነገርኳቸው፤ ከፍ ያለ፣ ዙሪያው በጭቃ የተደፈነ ምድጃ አለ፤ እሳቱ ከውስጥ ነው፣ ሰው ቢወድቅ እንኳ እሳት ውስጥ አይገባም። «እሱን ይሥሩላት» አልኳቸው። ቀና አሉ። ቁመቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ አፉ በየት በኩል እንደሚሆን፣ ጭቃው በምን እንደሚቦካ ይጠይቁኝ ጀመር። የማላውቀውን ሁሉ እንደማውቅ ሆኜ መለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ሌሎቹ ጣሳዎች ውስጥስ ምን እንዳለ እናውቃለን?» አሉ። አናውቅም ነበር። ያን ክረምት ሁሉንም ቤቶች እንደ አዲስ ዞርኩ፤ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ታማሚውን፣ ቀጥሎ ቤተሰቡን፣ መጨረሻ ላይ ጣሳውን ጠየቅሁ። አንዲት እናት ክፉ ነገር በቤት ውስጥ ተቆጥሮ አይቀመጥም ብለው ጠጠሩን በየሳምንቱ ወንዝ ሲጥሉት ከርመዋል፤ እኔ ደግሞ ልጃቸው ተሻለው ብዬ ጽፌአለሁ። በብዙዎቹ ቤት ግን ጠጠሩ ትክክል ነበር። ጥናቱ አልፈረሰም። «የመረጃ ውስንነት» የሚለው ክፍሉ ብቻ ረዘመ።

መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ መቀነስ አይቻልም፤ በየጥቂት ሳምንቱ ግማሽ ክኒን፣ ከሐኪሙ ጋር እየተነጋገርን አወረድነው። ልጅቷ ሦስቱ ወር ከፋሲካ ጀምሮ ይቆጠርልኝ ብላ ተከራከረችኝ። እኔ ደግሞ መጠኑ ሲቀንስ ሕመሙ ሊመለስ ስለሚችል ከነሐሴ ነው የምንጀምረው አልኳት። «ቃል ያለዎት ሰው አይመስሉም» አለችኝ። ተሰደብኩ፤ ደስም አለኝ፤ ከወር በፊት አንድ አረፍተ ነገር መጨረስ የማትችል ልጅ ነበረች። በመስከረም መሳቅ ጀመረች። በጥቅምት ፀጉሯን ራሷ ሠርታ፣ በማይዘረጋ እጇ፣ ጠበቀችኝ። በየወሩ ምላሷን አሳይታኛለች። ምላሷ ደኅና ነበር።

በኅዳር፣ አጨዳ ላይ፣ ምድጃው ደርቆ ቀኑ ደረሰ። አባቷ በክረምት ሦስት ጊዜ አፍርሰው ሠርተውታል፤ በእጃቸው ነው የለሰኑት፣ የጣታቸው አሻራ ዙሪያውን ይታያል። ያን ዕለት ግን ከቤት የሚወጡ አይመስሉም። ማጭዱ አልተሳለም አሉ። ተሳለ። ጤዛው አልረገፈም አሉ። ረገፈ። አህያዋ ታነክሳለች አሉ፤ ወጥተን አየናት፣ አታነክስም። በመጨረሻ ልጅቷ እኔንም እሳቸውንም በአንድነት «ውጡልኝ» አለችና በሩን ገርበብ አደረገች።

እርሻው ላይ ሆነን ቤቱ ይታያል። አባቷ ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ ያጭዳሉ፣ ቀና ብለው ያያሉ። እንደገና ጎንበስ፣ እንደገና ቀና። ጥቂት ቆይቶ ከጣሪያው ቀጭን ጭስ ወጣ። ማጭዱን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጭሱ ወፈረ።

«በዛ አይደለም ወይ?»

«እርጥብ እንጨት ነው፣ አባቴ።»

«ደረቅ ነው የሰጠኋት። ራሴ ነኝ የፈለጥኩት።»

በጥናት ስለ አደጋ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እዚያ እርሻ መሐል ላይ ግን ያነበብኩት አንዱም አልረዳኝም። እንሩጥ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁትም። እሳቸው አንድ እርምጃ ወደ ቤቱ ሄዱ። ቆሙ። ከዚያ ዞረው፣ ጀርባቸውን ለጭሱ ሰጥተው ማጨድ ጀመሩ። ገብሱን የሚቆርጡት ከመሐሉ ነበር። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከደጃፉ በኽምጣና ስትጣራ ሰማናት። ትርጉሙን አልጠየቅሁም፤ አባትየው ማጭዱን ጥለው ሄደዋል።

ቂጣ ጋግራ፣ ሽሮ ሠርታ አቀረበች። ቂጣው ከአባቷ ቂጣ ብዙም አይሻልም ነበር። አጠገባችን ሳትቀመጥ ቆማ አባቷን ታያለች። እሳቸው ቆረሱ፣ በሽሮው አጠቀሱ፣ አላመጡ። ማላመጣቸውን አቆሙ። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ምነው ይህን ያህል ጨው!» አሉ። «ጨው ከምንጭ የሚቀዳ መሰለሽ? እንዲህ ነው ወጥ የሚሠራው?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ንዴቴ ተነሣ። ይህን ቀን ስንት ዘመን የጠበቀች ልጅ፣ በዛሬዋ ቀን ስለ ጨው! ልናገራቸው ነበር። ዞር ስትል ግን እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«ሲስተር ሰሙ?» አለችኝ። «ተቆጡኝ! ከታመምኩ ወዲህ ተቆጥተውኝ አያውቁም። ዕቃ ስሰብርም፣ ወተት ስደፋም፣ ሁሌ 'ምንም አይደለም ልጀ' ነው የሚሉኝ። ዛሬ እንደ ሰው ልጅ ተቆጡኝ።»

አባቷ ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ የገባቸው መሰለኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሌላ ቂጣ ቆረሱ።

«ቂጣውም አርሯል» አሉ፣ ጎላ ባለ ድምፅ። «ሽሮውም አልበሰለም። ነገ ደግመሽ ትሠሪያለሽ።»